ከመመለሻው ጀምሩ፦ በባህር ጠረፍ ከተማ ብስክሌት ለመንዳት ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ስትወጡ ነፋስ የለም። ባህሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጎማው ሳይታወቃችሁ ይሄዳል፣ እናም ያንን ወሽመጥ እንለፈውና እንመለስ፣ ከዚያ ደግሞ እዚያ የሚታየውን የመብራት ማማ፣ ከዚያም ትንሽ ወረድ ብለን ያንን አሸዋ እያላችሁ ሳታስቡት 30 ኪሎ ሜትር ትርቃላችሁ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ቤት ታዞራላችሁ። ያኔ ነፋሱ ደረታችሁን ይይዛችኋል።

እኔ ላይ ደርሷል። በ1 ሰዓት ተኩል የሄድኩትን መንገድ ለመመለስ 3 ሰዓት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዞ የማቅደው ከመጨረሻው ተነስቼ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደምመለስ አስባለሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ እመርጣለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የወጣ ነው።

መመሪያው ለእሽቅድምድም አይደለም። ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ባህሩን እያዩ፣ እየቆሙ፣ ፎቶ እያነሱ መንዳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ውድ ብስክሌትም አያስፈልግም።

1. ከካርታው በፊት ነፋሱን እዩ

የጠረፍ ነፋስ ጠባይ አለው። ጠባዩን ካወቃችሁት ግማሹ ሥራ አለቀ።

ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ከባህሩ ቀድሞ ይሞቃል። መሬቱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቦታውን ለመሙላት ቀዝቃዛው የባህር አየር ወደ መሬት ይገባል። ፀሐያማ በሆነ ቀን ይህ ነፋስ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ መነሳት ይጀምርና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ከመሬት ወደ ባህር ይነፍሳል፣ ግን ከቀኑ ደከም ይላል። ጠዋት ላይ የምታገኙት ጸጥታ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለችው ክፍተት ናት። ስለዚህ ጠዋት ነፋስ የለም ብላችሁ የቀኑን እቅድ አትሥሩ።

በዚህ ላይ አካባቢው የራሱ ወቅታዊ ነፋስ ይኖረዋል። ለዚህ የአየር ትንበያ ማየት ግድ ነው፤ የቀኑን አማካይ ሳይሆን ሰዓት በሰዓት የሚያሳየውን። ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ አቅጣጫ፤ ትንበያ ላይ «ሰሜናዊ ነፋስ» ሲባል ከሰሜን የሚመጣ ማለት ነው፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያነበዋል። ሁለተኛ ፍጥነት፤ የባህር ትንበያዎች በኖት ይጽፋሉ፣ 1 ኖት 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ በችኮላ በ2 ብታባዙትም ይበቃችኋል። ሦስተኛ ድንገት መጥቶ የሚገፋው ነፋስ፣ ለብቻው በሌላ ቁጥር የሚጻፈው። ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ ሰው ከአማካዩ ይልቅ ይኼኛው ያሳስበዋል።

ነፋስ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር ላሳያችሁ። አየሩ የሚገፋችሁ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ በ20 የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣባችሁ ለሰውነታችሁ አየሩ 40 ሆኖ ይሰማዋል፤ ግፊቱ ነፋስ በሌለበት ከነበረው 4 እጥፍ ይሆናል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አየሩ ከነጭራሹ አይሰማችሁም ነበር። አንድ መንገድ፣ አንድ ነፋስ፣ ሁለት የተለያየ ቀን።

እና ደንቡ ይህ ነው፦ በምትመለሱበት ሰዓት የሚነፍሰው ነፋስ ከኋላችሁ እንዲሆን አድርጉ። ስትወጡ ያለው ነፋስ ሁለተኛ ነገር ነው። ትንበያው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከደቡብ ይመጣል ካለ ጠዋት ወደ ደቡብ ሂዱ። ጠዋት ጸጥ ባለ አየር ትሄዳላችሁ፣ ሲደክማችሁ ነፋሱ ራሱ ወደ ቤት ይገፋችኋል።

የእኔ ልክ ይህን ይመስላል። በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ እንደልቤ እሄዳለሁ። ወደ 30 ከተጠጋ መንገዱን አሳጥራለሁ። ድንገተኛው ግፊት 50 ከደረሰ ገደል አፋፍ ላይና ረጅም ድልድይ ላይ አልወጣም፣ ከተማ ውስጥ ሕንፃ የሚከልለው መንገድ ፈልጌ እዚያው እዞራለሁ። ይህን እንደ ፍርሃት አትዩት። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በየዓመቱ የሚደረገውና 109 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ታላቁ የብስክሌት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2017 በነፋሱ ብርታት ምክንያት ተሰርዟል። በሺዎች የሚቆጠሩ ልምድ ያላቸው ሰዎች የተመለሱበት ነፋስ እኛንም ይመልሰናል።

2. ባህሩን በየት በኩል እንደምትይዙት ወስኑ

ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ቢነግረኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ባህሩን በቀኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በግራ በሚነዳበት አገር በግራችሁ። እንዲህ ስታደርጉ እናንተና ውሃው መሀል ማንም የለም። የሚመጣውና የሚሄደው መኪና ሁሉ በሌላው ጎናችሁ ነው። እይታው ክፍት ነው። ፎቶ ለማንሳት ስትፈልጉ መንገድ ሳታቋርጡ ዳር ትወጣላችሁ፣ ማየት የሚያስፈልገው ቦታም በአብዛኛው በዚያው በኩል ነው። ሌላው ጥቅሙ መገንጠያ ማነሱ ነው፤ በባህሩ በኩል የሚገነጠል መንገድ ብዙም ስለሌለ ከጎን ድንገት የሚገባባችሁ መኪና ይቀንሳል።

ደሴት ወይም ወደ ባህር የገባ መሬት የምትዞሩ ከሆነ ይህ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዳችኋል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ትዞራላችሁ፣ በግራ በሚነዳበት እንደ ሰዓት ቆጣሪ። ታይዋንን በብስክሌት የሚዞሩ ሰዎች አብዛኞቹ በተቃራኒው የሚዞሩት ለዚህ ነው። በካናዳ ቫንኩቨር የስታንሊ ፓርክን ዳርቻ የሚዞረው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ለብስክሌት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተፈቀደ ነው፣ እሱም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። በኬፕታውን አቅራቢያ ቻፕማንስ ፒክ የሚባለው 9 ኪሎ ሜትር የገደል መንገድ 114 ኩርባ አለው። እዚያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ባህሩን በግራ ለመያዝ ከኖርድሁክ ተነስቶ ወደ ሃውት ቤይ መሄድ ነው።

ነፋሱና ጎኑ ከተጋጩስ? ማለትም ባህሩን በትክክለኛው ጎን ለመያዝ የምትሄዱበት አቅጣጫ ነፋሱን ፊታችሁ ላይ የሚያመጣው ከሆነ? ለ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ጎኑን ምረጡ። ለረጅም ጉዞ ነፋሱን ምረጡ። ሄዶ በዚያው መመለስ ከሆነ ደግሞ አንዱን ግማሽ ባህሩን በሩቁ ጎን ማየታችሁ አይቀርም። እሱን ግማሽ ጠዋት መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ብታደርጉት ይሻላል።

3. ባህሩ ወዴት ያያል?

ጠረፉ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ፀሐይ ከውሃው ትወጣለች። ወደ ምዕራብ ከሆነ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የመነሻ ሰዓታችሁን ይወስናል። ለምሥራቁ ገና ሳይነጋ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተዘጋጁ። ለምዕራቡ ማምሻውን ውጡ፣ በዚያውም የቀኑ ነፋስ እየደከመ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት እናንተ ወደ ፀሐይዋ እየነዳችሁ ከሆነ ከኋላችሁ የሚመጣው ሹፌርም ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት፣ አያያችሁም። በዚያ ሰዓት መኪና ከሚበዛበት መንገድ ውጡ፣ ወይም ቆም በሉና እያያችሁ አሳልፉት። የኋላ መብራት ቀንም ቢሆን አብሩ። ጉም የሚወርድበት ጠረፍ ላይም እንደዚሁ።

4. መስመሩን ሥሩ

አሁን ካርታ ክፈቱ። እኔ መጀመሪያ የሳተላይት ፎቶውን ነው የማየው፣ ምክንያቱም ተራው ካርታ ባህሩ አጠገብ የሚያሳየው መስመር አስፋልት ይሁን አሸዋ ላይ ያለ የእግር መንገድ አይናገርም። ከዚያ ስትራቫ (ብስክሌተኞች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበት አፕ) ላይ ሰዎች አዘውትረው የሚነዱበትን የሚያሳየውን የሙቀት ካርታ አያለሁ። ሰው የሚነዳበት መንገድ ደምቆ ይታያል፤ ባህሩ አጠገብ እያለ የደበዘዘ ሰፊ መንገድ ካለ ምክንያት አለው፣ ብዙ ጊዜ ከባድ መኪና ነው። ኮሙት እና በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተሠሩ ሌሎች አፖችም የመንገዱን ዓይነት ይነግሯችኋል። መስመሩን ከሠራችሁ በኋላ ኢንተርኔት ሳይኖርም ስልካችሁ ላይ እንዲከፈት አድርጋችሁ አውርዱት። ገደል ሥር ኔትወርክ ይጠፋል።

መስመር በሦስት መንገድ ይሠራል። ሄዶ በዚያው መመለስ፣ መዞር፣ ወይም አንድ ወገን ሄዶ በሌላ ነገር መመለስ።

ሄዶ መመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፣ በፈለጋችሁበት ትዞራላችሁ። ዙር የሚመቸው ከተማው ከጀርባው ሌላ መንገድ ሲኖረው ነው፤ በባህሩ ሄዳችሁ በውስጥ በኩል ትመለሳላችሁ፣ ነፋስም ሲበረታ ዛፉና ቤቱ ይከልላችኋል። ከሁሉም የምወደው ግን ሦስተኛው ነው። አንድ ወገን በብስክሌት፣ መመለሻው በጀልባ ወይም በባቡር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከከተማው ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተውን የጎልደን ጌት ድልድይ ይሻገራሉ፣ ወደ ሶሳሊቶ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ከዚያ ብስክሌታቸውን ጀልባ ላይ ጭነው ውሃ ውሃውን ወደ ከተማው ይመለሳሉ። የመመለሻ ዳገት የለም፣ የመመለሻ ነፋስ የለም፣ ከተማውንም ከባህሩ ታዩታላችሁ። እንዲህ የምታደርጉ ከሆነ ሁለት ነገር ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ፦ ጀልባው ብስክሌት ይጭን እንደሆነና የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ። በመጨረሻው ጀልባ አትተማመኑ። ከእሱ በፊት ያለውን ያዙ፣ የመጨረሻው መጠባበቂያ ይሁናችሁ።

ርቀቱን ስትገምቱ ሰዓቱን በሰፊው ስጡት። ዘና ብሎ የሚነዳ ሰው በሜዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መቆሙን፣ ማየቱን፣ ውሃ መጠጣቱን ስትጨምሩበት 10 ይሆናል። ስለዚህ 40 ኪሎ ሜትር የ4 ሰዓት ጉዞ ነው። የለመደ ሰው ይፍጠን፣ ከእሱ ጋር አትፎካከሩ።

ደግሞም የባህር መንገድ ሁልጊዜ ሜዳ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ከተማው ውስጥ አዎ። ከከተማው ወጥታችሁ ገደላማ ጠረፍ ስትደርሱ ግን መንገዱ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። ምክንያቱ ወንዞቹ ናቸው። እያንዳንዱ ወንዝ ወደ ባህር ሲገባ ገደሉን ሰንጥቆ ሸለቆ ይሠራል፣ መንገዱም ወደ ሸለቆው ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ አፋፉ መውጣት አለበት። ካርታው ላይ የወንዝ አፎችን ቁጠሩ፣ ዳገቶቹን ቆጠራችሁ ማለት ነው። አፑ አጠቃላይ የዳገቱን ከፍታ በሜትር ይነግራችኋል። ያንን ለኪሎ ሜትሩ አካፍሉት፤ በኪሎ ሜትር ከ5 ሜትር በታች ከሆነ ሜዳ በሉት፣ 10 ከደረሰ ዳገታማ ነው።

ዳገትን ለብስክሌት እንዴት ማለዘብ እንደሚቻል ማየት የሚፈልግ የጃፓኑን ሺማናሚ ካይዶ ይመልከት። ከኦኖሚቺ ወደብ እስከ ኢማባሪ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴት ወደ ደሴት በድልድይ ይሻገራል። ድልድዮቹ መርከብ የሚያሳልፉ ረጃጅሞች ስለሆኑ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው፣ ግን ለብስክሌት የተሠሩት መውጫዎች እየዞሩ በ3 በመቶ ገደማ ተዳፋት ብቻ ነው የሚወጡት። መንገዱ ላይ ደግሞ ሰማያዊ መስመር ተቀብቷል፣ እሱን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ረጅም የባህር ጉዞ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ ማሰብ ይከብደኛል።

5. ባህሩ መቼ ይሞላል?

በብዙ ጠረፎች ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ልዩነቱ ይሰፋል። አንዳንድ ባህር ላይ፣ ለምሳሌ ሜድትራንያን ላይ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሌላ ቦታ ግን ብዙ ሜትር ነው። የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ በየወደቡ ይወጣል፣ ኢንተርኔት ላይም አለ።

ለብስክሌተኛ ምን ያደርግለታል? እርጥቡ አሸዋ ጠንካራ ነው፣ ባህሩ ሲጎድል ሰፊ ጎማ ያለው ሰው በላዩ ላይ መንዳት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሙላት ጊዜ ውሃ የሚሸፍናቸው መንገዶች አሉ።

በጣም የታወቀው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ፓሳዥ ዱ ጓ ይባላል፣ ኗርሙቲዬ ደሴትን ከዋናው መሬት ጋር የሚያገናኝ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ። በቀን ሁለት ጊዜ ባህሩ ውስጥ ይጠፋል። ውሃው መሀል መንገድ ላይ ለደረሰበት ሰው ወጥቶ የሚጠባበቅባቸው ምሰሶዎች ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታላቁ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ በዚህ መንገድ አለፈ፣ ውሃው ከሄደ በኋላ የቀረው እርጥበትና የባህር አረም መንገዱን አንሸራታች አድርጎት ስለነበር ብዙ ተወዳዳሪዎች ወደቁ። ለአሸናፊነት ይጠበቁ ከነበሩት አንዱ አሌክስ ዙለ በዚያ ቀን ብቻ ከ6 ደቂቃ በላይ አጣ። ዓለም ላይ ምርጥ የሚባሉት ብስክሌተኞች ናቸው እንግዲህ። አረንጓዴ ነገር የለበሰ አስፋልት፣ ድንጋይ ወይም የጀልባ ማውረጃ ስታዩ ውረዱና ብስክሌቱን ግፉ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ የምትገቡትም ውሃው እየሸሸ ባለበት ሰዓት እንጂ እየመጣ ባለበት ሰዓት አይሁን።

6. ብስክሌቱ

ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሹ ይቀያየር፣ መብራቱ ይብራ። ከዚያ ዋናው ጎማ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከ32 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ስፋት ያለው ጎማ እመርጣለሁ። ቀጭን ጎማ ጥሩ አስፋልት ላይ ፈጣን ነው፣ ግን ነፋሱ አሸዋ አምጥቶ የበተነበት ኩርባ ላይ፣ የእንጨት መራመጃ ላይ፣ የወደብ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ያሳቅቃል። ጎማችሁ ሰፊ ከሆነ አየሩን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ትልቁ ልክ ዝቅ አድርጉት። ምቾትም መያዝም ይጨምራል።

ካቴናውን ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ቀቡትና ትርፉን በጨርቅ አጥብቃችሁ ጥረጉት። እርጥብ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል፣ አሸዋ የያዘ ዘይት ደግሞ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በሰም የተሠራ ቅባት ካገኛችሁ ለአሸዋማ ቦታ እሱ ይሻላል።

7. የምትይዙት

ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ፖምፓ፣ ትንሽ የመፍቻ ስብስብ። ስስ ንፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ሙቀት ቢሆንም፤ ላባችሁ ደርቆ ገደል አፋፍ ላይ ስትቆሙ ይበርዳችኋል።

ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ። በሞቃት ቀን በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ያስፈልጋል። የባህሩ ነፋስ ላባችሁን ወዲያው ስለሚያደርቀው ምን ያህል ውሃ እንዳጣችሁ አይታወቃችሁም። ስለዚህ ጥማት ሳትጠብቁ በየ15 ደቂቃው ጎንጨት በሉ።

ፀሐይዋም ታታልላለች። ቀዝቃዛ ነፋስ ስላለ የምትቃጠሉ አይመስላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ደረቅ የባህር ዳርቻ አሸዋ 15 በመቶ ገደማ፣ የባህር አረፋ ደግሞ 25 በመቶ ገደማ የሚሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ያንጸባርቃል። ከላይም ከታችም ነው የሚመጣባችሁ ማለት ነው። ሰንስክሪን ከመውጣታችሁ በፊት ተቀቡ፣ በየ2 ሰዓቱ ድገሙ። ሰው ሁሉ የሚረሳቸው ቦታዎች የጆሮ ጫፍ፣ ማጅራትና የእጅ ጀርባ ናቸው። መነጽር ለፀሐይ ብቻ አይደለም፣ ለአሸዋም ነው።

8. ከተማው ውስጥ

ባህሩ ዳር ያለው መራመጃ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት የእናንተ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የእግረኛው ነው። ሕፃናት፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ፣ ፎቶ ለመነሳት ወደኋላ የሚራመዱ ሰዎች ይሞላሉ። አንዳንድ ከተማ በተወሰነ ሰዓት ብስክሌት ይከለክላል፣ መግቢያው ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ። ሰው ሲበዛ ፍጥነታችሁን ወደ 10 አውርዱ፣ ደወሉን ከሩቅ ምቱ፣ ካልሆነ ውረዱና ግፉ። ይህን የምለው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። እነዚህ መራመጃዎች ለብስክሌት ክፍት ሆነው የሚቆዩት እኛ ሰው እስካላስደነገጥን ድረስ ነው።

የእንጨት ንጣፍ ላይ ሳንቃዎቹ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ የተዘረጉ ከሆነ ክፍተታቸው ጎማ ይውጣል። ሲረጥቡ ደግሞ ያንሸራትታሉ፣ በእነሱ ላይ ፍሬን በኃይል አትያዙ፣ አትታጠፉ።

ወደብ አካባቢ ሁለት አደጋ አለ። አንዱ ሀዲድ ነው። የወደብ ሀዲድ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ እስክትደርሱበት አይታይም። በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት፤ በሰያፍ ከገባችሁበት ጎማው ይያዛል። ሁለተኛው ተሳቢ መኪና ነው። ሲታጠፍ የኋላው አካል ወደ ውስጥ ይጠብባል፣ ሹፌሩም በዚያ ጎን ያለ ሰው አያይም። መብራት ላይ ከጎኑ አትቁሙ። ከኋላው ቆዩ፣ ይሂድ፣ ከዚያ ሂዱ። ኮንቴነር የሚጫንበት መንገድ ካርታው ላይ አሳጣሪ ቢመስልም ዙሩት።

9. ከከተማ ስትወጡ

አሁን የመጣችሁበት ነገር ይጀምራል። ቤቶቹ ይቀንሳሉ፣ ጨው ጨው የሚል አየር ይመጣል፣ መንገዱ አንዴ ወደ ውሃው ይጠጋል አንዴ ይርቃል።

የገደል አፋፍ መንገድ ላይ የጎን ነፋስ በድንገት ይመጣል። ኮረብታ ከልሎላችሁ ቆይቶ ኩርባውን ስታልፉ ይገፋችኋል። ኩርባ ከመድረሳችሁ በፊት መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርናችሁን ላላ አድርጉት፣ ከመንገዱ ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ራቁ። ድልድይ ላይም እንዲሁ፤ ትልቅ መኪና ሲያልፋችሁ ነፋሱን ለአፍታ ይከልልና ካለፈ በኋላ በአንዴ ይለቅባችኋል። እሱን ጠብቁት። ጎናቸው የተደፈነ ቸርኬ ያላቸው ብስክሌቶች በዚህ ቀን እቤት ይቆዩ።

አሸዋ አስፋልት ላይ ስታዩ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ላዩ ላይ ከሆናችሁ በኋላ ግን ፍሬን አትንኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉት።

ለማየት ስትቆሙ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ ብስክሌቱንም አውጡ። ግማሹ አስፋልት ላይ የቀረ ብስክሌት ኩርባውን ዞሮ ለሚመጣ መኪና አደጋ ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ ከአፋፉም ከአሸዋውም ወዲያው ራቁ፣ ሕንፃ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ሜዳ ባህር ዳርቻ ላይ ከሁሉ ረጅሙ ነገር እናንተ ትሆናላችሁ።

እና ቆም ብላችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁበት አንድ ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ከጉዞው ግማሽ ትንሽ ቀደም ብሎ። እዚያ ስትደርሱ ውሃው ስንት ቀረ? ነፋሱ እንደተባለው ነው? ጉልበታችሁስ? ከሦስቱ አንዱ ካልተስማማችሁ እዚያው ዙሩ። መብራት ማማው የትም አይሄድም።

10. እቤት ስትገቡ ጨዉን እጠቡ

ደክሟችኋል፣ ገባኝ። ግን ይህን ለነገ አታሳድሩት።

የባህር አየር በዓይን የማይታይ ጨው ብስክሌቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ውሃ ባይነካውም። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ይይዛል፣ ስለዚህ ደርቋል ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ብስክሌት ሌሊቱን ሙሉ እየዛገ ያድራል። ብረትና አሉሚኒየም የሚነካኩበት ቦታ ላይ ይብሳል፤ ጨዋማ እርጥበት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ አንዱን ብረት ቶሎ ያስበላዋል። የመቀመጫው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልወጣ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። እንዲህ የሚነካኩትን ብረቶች በዓመት ሁለቴ አውጥታችሁ ግሪስ ቀቧቸው።

አስተጣጠቡ ቀላል ነው። ጨው የሌለው ውሃ በባልዲ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ትንሽ ሳሙና። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ አትጠቀሙ፣ ጨዉን ገፍቶ ኩሽኔታ ውስጥ ያስገባዋል። ከላይ ወደ ታች እጠቡ፣ የጎማውን ሽቦዎች ሥር፣ ፍሬኑን፣ የቡሎኖቹን ጭንቅላት አትርሱ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ካቴናውን ፔዳሉን ወደኋላ እያዞራችሁ በጨርቅ መሀል አሳልፉት፣ ሲደርቅ ቅባት አድርጉለትና ትርፉን ጥረጉ። 15 ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት ተነስታችሁ ካቴናው ላይ ቡናማ ነጥብ ካያችሁ ግን ውሃው በደንብ አልደረቀም ነበር፤ ቅባቱን ድገሙትና በሚቀጥለው ጊዜ ከማስገባታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው።